ወረንጦሽ አንገቴ ላይ ነው

ዘይኑዬ፣ ሆዴ፤

አንቺ ከሄድሽ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ቦርከና ወንዝ ገና አልሞላም። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ዓይኔ ነው፤ አትደንግጪ፣ በደህና ነው።

ከሄድሽ ወዲህ የዓይኔ ፀጉር ተቆጣጣሪ አጣ። በየጁምዓው ከመስጊድ ስመለስ ደጃፉ ላይ ዱካሽን፣ ያችን ትንሽ የእንጨት መቀመጫሽን፣ አውጥተሽ፣ ጭንቅላቴን ጉልበትሽ ላይ አስደግፈሽ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ፀጉር በወረንጦ ትነቅይልኝ ነበር። ለአንድ ፀጉር አንድ ወሬ ነበር ካሳዬ። ከተንቀሳቀስሁ ግን ወሬውን ከመሐል ትቆርጪዋለሽ፤ የሰንበቴ ገበያው ግመል ነጋዴ ሁለተኛ ሚስቱ ምን ብላ እንደመለሰችለት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ በዚያች ደቂቃ አስነጠሰኝ። ስትጨርሺ ዓይኔን እፍ ትዪውና በኦሮምኛሽ “ኢጃ ኮ” ትዪኛለሽ። ዓይኔ ማለትሽ ነው። የዓይኔን ሁኔታ እያወቅሽ እንዲህ ማለትሽ ድፍረት ነበር።

እህትሽ እኔ ልንቀልልህ ብላኝ ነበር። የሌላ ሴት ጉልበት ላይ ተንጋሎ እንባ ማፍሰስ ለተከበረ የከሚሴ ልብስ ሰፊ አይመጥንም ብዬ መለስኋት። እውነቱን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የእጅሽን ቦታ ለማንም መስጠት ከበደኝ። ፀጉሩ ግን ሐዘን አያውቅ፣ ብሌኔን እየፋቀ ጭጋግ አለበሰው። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ቀረ። አንድ ጊዜ የአንዱን ጸሐፊ ሱሪ ስጠግን ሁለቱንም ኪሶች ደፍኜ ሰጠሁት። ሰውየው ቢሮው ተቀምጦ እጁንም ጉቦውንም የሚከትበት አጣ። ባለጉዳዩ ያን ሳምንት መርቆኛል አሉ። እኔ ግን ያን ዕለት ፈራሁ፤ ካላየሁ አልሰፋም፣ ካልሰፋሁም የሰው እጅ ማየቴ ነው።

በጭነት መኪና ደሴ ሐኪም ቤት ወጣሁ። መድኃኒቱ አሁን ሌላ ሆኗል፣ ዘይኑዬ። ለሕፃናቱ ከቱቦ ተጨምቆ የሚወጣ ቢጫ ቅባት አለ፤ በጊዜ ከተቀቡት ፀጉሩ ቀድሞውንም ወደ ውስጥ አይዞርም ይላሉ። እንደ እኔ ለዘገየው ግን ቢላዋ ነው። ሐኪሙ የዓይኔን ቆብ በመርፌ አደንዝዞ ሰነጠቀውና ጠርዙን ወደ ውጭ ገልብጦ ሰፋው። እኔ የጸሐፊዎቹ ኮሌታ ሲያልቅ የማደርገውን ነው ያደረገው። ስፌቱም አይከፋም። ጨርሶ እጁን እየታጠበ፣ “ከእንግዲህ ወረንጦ አያስፈልግህም፤ ጣለው” አለኝ። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ አላህን አመሰገነልኝ። እኔ መርዶ እንደሰማ ሰው አንገቴን ደፋሁ።

ከሚሴ ስወርድ ሙሄ፣ ያ ወሬ ሳይፈጠር የሚሰማው ጎረቤታችን፣ ፋሻዬን አየ። እኔ ቤቴ ሳልደርስ የሰይድን ዓይን አወጡት ብሎ ገበያውን አዳረሰው። ሰው ለቅሶ መጣ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ዱዓ ተደረገ፤ ለአንድ ዓይን ይህን ያህል ሰው ሲቀመጥ በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። ከጨፋ ሮቢት ወንድሞችሽ ሳይቀሩ መጥተው አላህ ሶብሩን ይስጥህ አሉኝ። ኧረ ዓይኔ አለ ልላቸው አፌን ስከፍት ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ቀደመችኝ።

“ዓይኑስ ይሁን፤ የዘይነባ እጅ ነው እንጂ የቀረበት።”

ይህን ጊዜ ሁሉም አለቀሰ። ወባው አንቺን በወሰደሽ ጊዜ ቦርከና ሞልቶ ሜዳውን ውጦት ነበር፤ ወንድሞችሽ ማዶ ቆመው አይተው ተመለሱ፤ የቀበርንሽ ጥቂት ሆነን ነው። ያኔ ያልተለቀሰልሽ ለቅሶ በእኔ ዓይን ሰበብ ተለቀሰልሽ። ስለዚህ አልነገርኳቸውም። ከፋሻው ሥር ዓይኔ ደህና መሆኑን እያወቅሁ፣ እንደ ሟች ቤተሰብ ተቀመጥሁ። ስፌቱን ውሃ እንዳይነካው ተብዬ ነበር፤ ነካው።

ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት ቤታችንን ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ንጹሕ የመሰለኝ ባለማየቴ ኖሯል፤ ጣራውን ሸረሪት ወርሶታል፤ ዱካሽ አቧራ ለብሳለች። ጠረግኋት። ሙሄ አሁን ደግሞ ለሰይድ አዲስ ዓይን ገጠሙለት እያለ ያወራል፤ በጎን ግን እናቱን ለዓይኗ ደሴ የሚያደርስለት መኪና ያጠያይቃል። ሁለተኛውንም ዓይኔን ኋላ ሄጄ አሰፋሁት።

ሐኪሙ ጣለው ያለኝን አልጣልሁም። ወረንጦሽን በአዲስ ክር አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ፤ ክሩን በወረንጦው ራስ ላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ያሾለክሁት በገዛ ዓይኔ ነው። አንቺ ዘንድ እስክመጣ ድረስ ከዚያ አይወርድም። በየጁምዓው ዱካሽን ደጃፍ አወጣና ከሥሯ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ዓይኔን እከድናለሁ። የሚነቀል የለም። ቢሆንም አልንቀሳቀስም፤ ወሬውን ከመሐል እንዳትቆርጪብኝ።

ሰይድሽ