ቤት የዋለ ሰው

ኅዳር 9
ብዕሩ በልጄ በምሥራቅ እጅ ነው። ቃሉ የኔ፣ የወንዳፈራሁ። አስተማሪ ናትና እንዳታሳምርብኝ ነግሬያታለሁ።
ጎረቤቴ ይታየው ከነልጆቹ መጥቶ ገብሴን ሲያጭድልኝ ዋለ። የምሥራቅ ወንድም ነቢዩ ግን ጓዳ ዘግቶ ከኮምፒውተሩ ጋር... ለአዲስ አበባ ድርጅት የቤት ፕላን ይሥላል አሉ። እዚህ አገራችን ዘመሮ ተቀምጦ! ይሄ ሥራ ነው? በሬ የለ፣ ላብ የለ።

ኅዳር 13
ቆሎ ይዤ ገባሁበት። ብድግ አለ።
"አባዬ፣ በሥራ ሰዓት አይግቡብኝ። አንዴ ከተቋረጥኩ መመለሻው ይጠፋኛል።"
ሐኪም የትኩረት ችግር ነው ብሎታል፤ ኤዲኤችዲ። ስሙን እንኳ ምላሴ እንቢ አለው። ቢሮ ውስጥ ሰው ሲያወራ የሁሉንም እኩል ይሰማል አሉ። ቤቱ ሆኖ እንዲሠራ የፈቀዱለት ለዚህ ነው... እኔ ግን ከልጅነቱ ቀልበ ቢስ ነው የምለው። ሰነፍም ብዬዋለሁ።
"ይሄንንም ልጻፈው፣ አባዬ?" ትለኛለች ምሥራቅ።
ጻፊ!

ኅዳር 20
ይታየው በተራው ለራሱ አጨዳ ጠራኝ። ውለታ አይደለም፣ ወንፈል ነው፤ የሠራልህን አንድ ቀን በአንድ ቀን ሥራ ትመልሳለህ። የኔ ወገብ አልታጠፍ ብሏል። ነቢዩ ይመጣል አልኩት። ቤት አይደል የሚውለው?

ኅዳር 22
"ዛሬ ሥራ የማስረክብበት ቀን ነው፣ አባዬ።"
"የሰው ወንፈል በላ ልታሰኘኝ ነው?"
ማጭዱን አነሣ። ይታየው፣ "ኮምፒውተሩ መጣ! መብራት እንዳይጠፋበት!" አለና ሜዳው ሁሉ ሳቀ። የኔ ልጅ ግን ሁሉንም ጥሎ ቀደመ። ኮራሁ... አልደብቅም።
ስልኩ ጓዳ ውስጥ ሲጮኽ ውሏል ለካ።

ኅዳር 23
ቤት ሆኖ መሥራት ቀረ። ከሰኞ ጀምሮ ቢሮ ግባ ብለውታል። አልተቆጣኝም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።
"እዚያ ጫጫታ ውስጥ አንድ መስመር አልሥልም" አለ። ይኸው ብቻ።

ኅዳር 24
አለቃህን አገናኘኝ አልኩት። ለማላውቀው ሰው አንገቴን ደፋሁ። እኔ!
"ልጄ አልሰነፈም። ከሥራው አስነሥቼ አጨዳ የሰደድኩት እኔ ነኝ።"
"እኛም እኮ የምንለው ይኸንኑ ነው፣ አባቴ" አለኝ በትሕትና። "ቤት ከሆነ አያሠሩትም።"
በገዛ አፌ ፈረድኩበት።

ኅዳር 25
በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደ። ጉልበቴን ስሞ። ይታየው መንገድ ላይ፣ "እንዴት ያለ አጫጅ ነው የወለድከው!" ይለኛል። አፉን ዝጋ ልለው... ምን አጠፋ እሱ?

ታኅሣሥ 17
ነቢዩ ደወለ። ሥራውን ለቋል። ወዴት ነህ ብዬ ብጠይቀው፣ "እንጃ።" ወደ ቤትህ ግባ አልኩት።
"ለወንፈል ነው?" አለኝ።
የሳቀ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም።
በይ ምሥራቅ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ... ምን ያንሾካሽክሻል? ድምፅሽን አውጪው እንጂ። የምታቋርጪው የለም፤ ጓዳው ባዶ ነው።