ኮረብታው ላይ ያለው ትምህርት ቤቴ

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5
ማክሰኞ የባሕሩ የዕረፍት ቀን ነው፤ ለአሣ ማንም አይወጣም። አሣ አጥማጁ ሁሉ የተበላሸ የጀልባ ሞተሩን ተሸክሞ እኔ ጋ መጣ። ቀኑን ሙሉ ቀና አላልኩም።

ማታ ደግሞ ያው ክርክር። ልጃችንን ኤኩዋን የት ትምህርት ቤት እናስገባት? ሚስቴ አራባ ገበያው አጠገብ ያለው አዲሱ ይሻላል ትላለች። እኔ ኮረብታው ላይ ያለውን... የኔን። እስከ ዘጠነኛ የተማርኩበትን።

"አንተ እኮ ልጅህን ሳይሆን ራስህን መልሰህ ልታስገባ ነው" አለችኝ። ሣቅኩ። ውሸቷን አይደለም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 6
ኤኩዋን ይዤ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። የአልሞንዱ ዛፍ አሁንም አለ! ፍሬውን በድንጋይ እየፈለጥን የምንበላበት። የባሕሩ ጩኸት የአስተማሪውን ድምፅ ሲውጠው "ምን አሉ?" እየተባባልን... በኬንኪ የበቆሎ ሙልሙልና በተጠበሰ አሣ የምንጣላበት ጥግም አለ።

ርዕሰ መምህሯ ማዳም ኩዋንሲማ "መሣል ትወጃለሽ አሉ፤ እስቲ አሳዪኝ" አሏት። ኤኩዋ የሣለችውን ጀልባ በግራ እጇ ዘረጋችላቸው። ሴትየዋ እጃቸውን ከጭናቸው አላነሡም። እኔው ቀደምኩ፣ "በቀኝ! በቀኝ ስጪ! ይቅርታ ማዳም።" ለትልቅ ሰው በግራ አይሰጥም፤ ይኼ ማን ይጠፋዋል?

"የምትጽፈውም በዚሁ ነው? ትምህርት እስኪከፈት ቀኟን አስለምዳት። ያኔ ቦታዋ አለ" አሉኝ።

እሺ አልኩ።

ዓርብ፣ ኦገስት 15
በቀኟ እየጻፈች ነው። ፊደሎቹ ተንጋደዋል... ይለመዳል።

ሐሙስ፣ ኦገስት 21
ኤኩዋ መሣል ትታለች። አራባ ናት የነገረችኝ። እኔ መች አየሁ? ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

እርሳሱን አቀበልኳት። "ደክሞኛል አባዬ" አለች። የስድስት ዓመት ልጅ መሣል ይደክማታል?

አራባ ዛሬ አልተከራከረችም። እሱ ነው የከፋኝ። "ኮረብታህን እወድልሃለሁ። ልጄን ግን ዝም አሰኘብኝ" ብላ ብቻ ተኛች።

ሰኞ፣ ኦገስት 25
ገበያው አጠገብ ወዳለው ትምህርት ቤት ሦስታችንም ሄድን። ግቢው ጠባብ፣ ግድግዳው ገና ያልተለሰነ፣ ጥላ የለው ምን የለው። መምህር ፊፊ የሚሉት ወጣት ወረቀት አቀረበላት። ኤኩዋ እርሳሱን በግራዋ ያዘችና ቆመች። እኔን አየችኝ።

"ለግራዬ ይቅርታ" አለችው፣ ልክ ትልልቅ ሰዎች በግራቸው ሲያቀብሉ እንደሚሉት።

"ይቅር ብያለሁ የኔ እመቤት። በይ አሁን ስምሽን ጻፊልኝ።"

ጻፈች። አራባ "አላልኩህም?" አላለችኝም። ጨዋ ናት።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16
ኤኩዋ አዲሱ ትምህርት ቤት ከገባች ሳምንት አለፈ። ቤቱ በሥዕል ተሞልቷል፤ ግድግዳው ሳይቀር። አራባ ትጮሃለች፣ እኔ እስቃለሁ። ግን የኔ ትምህርት ቤት ናፍቆኛል፤ አልዋሽም።

ማታ ኤኩዋ "ያንተን የትምህርት ክፍል ልሣልልህ፣ ንገረኝ" አለችኝ። ደስ ብሎኝ! ኤቦ መስኮቱ ጋ፣ ክዌሲ ከኋላው፣ ማንሣ ከፊት... የክፍል ጓደኞቼን አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው። ማንንም አልረሳሁም።

"እንደኔ በግራቸው የሚጽፉትስ የት ነበሩ አባዬ?"

አሰብኩ። ፊታቸው ሁሉ ይመጣልኛል፣ ሣቃቸው እንኳ... ግን አንድም ግራኝ የለም።

"ሁላችንም በቀኛችን ነበር የምንጽፈው" አልኳት።

ተኝታለች። እኔ ግን... ሁላችንም?