የዘለልኩት መስመር

ኮኪት፣ ጥቅምት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ዛሬ በራሴ አፈርኩ፤ በአቶ ውበቱ ግን ኮራሁ። የአዲስ አበባውን ሐኪም ደብዳቤ ይዘው ክሊኒካችን መጡ። አምና የምግብ መውረጃ ቧንቧቸው ላይ የበቀለውን ካንሰር በቀዶ ጥገና ያወጣላቸው እሱ ነው። ክረምት መግቢያ ላይ የወሰደው ደማቸውም ውጭ አገር ተልኮ ተመርምሯል።

ቁስል የማሽገው፣ መርፌ የምወጋው ድሬሰሩ እኔ ነኝና አነበብኩላቸው። “ከቀዶ ጥገናው በኋላ በደምዎ ውስጥ ያለው የካንሰር ምልክት ወርዶ ነበር።” እዚያ ላይ አቆምኩ።

“እስቲ ወዲህ በለው” አሉኝ። በስተርጅና መሠረተ ትምህርት ገብተው ፊደል መቁጠራቸውን ዘንግቼው ነበር። በጣታቸው እየተከተሉ የዘለልኩትን አነበቡት፦ “አሁን ግን እንደገና ከፍ ብሏል፤ በሽታው ሊመለስ ይችላል።”

አንገቴን ደፋሁ።

“ሰሊጤን ሳላነሳ ይቀድመኛል?”

“አላውቅም፣ አባባ። ምልክቱ ቀኑን አይናገርም።”

“እንዲህ ንገረኝ እንጂ! ሳይረግፍብኝ ነገውኑ አጫጅ አስገባለሁ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ እሄዳለሁ።”

ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ደንግጬ ውሃ የጠጣሁት እኔ ነኝ።

በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። “የሚቀጥለውን ደብዳቤ እኔ አነብልሃለሁ።”