አክስቴን ስላዳኑልኝ

ለተከበሩ ወንድም አንዳርጋቸው
የአጥቢያችን የወንጌል ተልእኮ ክፍል ሰብሳቢ
ጎንደር

ግንቦት 2007 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ እግዚአብሔር ሙሉ ጤና እንዲሰጥዎ፣ በተለይም ወደ ደጋ መውጣት ይከለክለኛል ያሉትን ጉልበትዎን እንዲያበረታልን ከልብ እመኛለሁ። ጉዳዬን ቢሮዎ ድረስ እየመጣሁ ደጋግሜ ባመለከትኩ ቁጥር «ጸልይበት» ስላሉኝ ጸልዬበታለሁ። የመጣልኝ መልስ በአደባባይ ጻፍ የሚል ስለሆነ ይኸው ጽፌያለሁ።

ባለፈው ነሐሴ ለሁለት ሳምንት ተልእኮ ከባሕር ማዶ የመጡትን ወንድሞችና እህቶች ይዘው ወደ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ሲወጡ፣ መሰብሰቢያ ግቢ ቢያስፈልግዎ የአክስቴን የወይዘሮ እንኳየሁን ቤት የጠቆምኩልዎ እኔ ነኝ። እንኳየሁ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገችኝም እሷ ናት። እኔ ከእናንተ ጋር ማምለክ ስጀምር ዘመድ ሁሉ ፊቱን ሲያዞርብኝ፣ እሷ ግን «የጌታን ስም እስከጠራህ ድረስ ቤቴ ቤትህ ነው» ብላ ተቀብላኛለች። ይህችን ሴት ስላዳኑልኝ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እንግዶቹ አንድ ዓይነት ቢጫ ካናቴራ ለብሰው የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ቀለም ስለቀቡልን እናመሰግናለን። በነሐሴ ጃናሞራ ላይ ዝናብ ውሎ እንደሚያድር የነገራቸው ሰው አልነበረምና ቀለሙ በማግስቱ ወደ ሜዳው ወርዷል። ደግነቱ ፎቶግራፉ የተነሣው ከዝናቡ በፊት ነው።

ሁለተኛ፣ ከተማችንን «የኢየሱስ ስም ተሰምቶባት የማታውቅ» ብለው ለእንግዶቹ ስላስተዋወቁልን እናመሰግናለን። ወቅቱ ፍልሰታ ነበርና ካህናቱ ከሌሊት ጀምረው ሲያዜሙ እንግዶቹ እንቅልፍ አጣን ብለው አማረሩ። እንቅልፍ የነሣቸው ያው ተሰምቶ አያውቅም የተባለው ስም ነበር።

ሦስተኛ፣ በአክስቴ ግቢ ስለተደረገው ስብሰባ ነው። እሷ ጾመኛ ናትና እህል ሳትቀምስ ድንች ቀቅላ፣ ቆሎ ቆልታ፣ ያላትን ጋቢ ሁሉ መደቡ ላይ አንጥፋ ተቀበለቻቸው። ጊታሩ ሲያበቃ ሰባኪው «ኢየሱስ ክርስቶስ ጌታዬና አዳኜ ነው የሚል እጁን ያንሣ» አሉ፤ አስተርጓሚውም አጥርቶ ተናገረ። ከግቢው ውስጥ እጁን ያላነሣ ሰው አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጎራ ያለው ዲያቆን እንኳ ጥላውን ወደ ግራ አዛውሮ ቀኙን አነሣ። አክስቴማ ሁለቱንም አነሣች። በኋላ ስጠይቃት «ምነው ልጄ! የጌታየ ስም ተጠርቶ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ኑሯል?» አለችኝ። እንግዶቹ ተቃቅፈው ሲያለቅሱም አብራቸው አለቀሰች፤ አገራቸው ናፍቋቸው መስሏት ነበር።

የዚያን ዕለት ጉባኤ በሙሉ፣ ዲያቆኑን ጨምሮ፣ «አዲስ የዳኑ ነፍሳት» ተብሎ በእርስዎ ሪፖርት ገባ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬ፣ ሲለቀም ያየሁት ግን ያኔ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ቀን መቁጠሪያው ነው። አክስቴ ሁለት እጇን ዘርግታ የተነሣችው ፎቶግራፍ በአዲሱ ዓመት ቀን መቁጠሪያችን ላይ ከነሙሉ ስሟ ወጣ፤ ከሥሩም «ከጨለማ ወደ ብርሃን የመጣች የመካነ ብርሃን እናት» ተብሎ ተጻፈ። ወደ ላይ አገር ሸቀጥ የሚያመላልሱት አያ ጃቢር ይህን ጎንደር አንድ ሱቅ ውስጥ አዩት። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ የእኛን የእርስ በርስ ነገር ከምን ያውቁታል? ፎቶዋ መውጣቱ ደስ ያሰኛታል ብለው ለምነው ወሰዱላት፤ በገበያ ቀንም በሰው ፊት «ሸጋ ሁነሽ ወጥተሻል» ብለው ሰጧት። ማንበብ የሚችል ሰው ጮክ ብሎ አነበበው።

ከዚያ ወዲህ የማርያም ማኅበርተኞቿ ተራዋ ሲደርስ ጽዋውን በደጇ አሳልፈው ለጎረቤት ሰጥተዋል። የነፍስ አባቷ አባ ወልደኢየሱስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ «እንኳየሁ፣ እኔስ እንዳልካድሽ አውቃለሁ፤ ሕዝቡ ግን በዓይኑ አየ። ይህን ያለውን ሰው አምጪና በሕዝብ ፊት ይመልሰው» ብለዋታል። እስከዚያው ከቁርባን ርቃ ትቆያለች።

ወንድም አንዳርጋቸው፣ የአክስቴ ልብ ደክሟል። እኔ ላቦራቶሪ በምሠራበት ሆስፒታል አስተኝቻት ነበር፤ ሐኪሞቹ ብዙ ተስፋ አልሰጡኝም። እሷ ስለ መድኃኒቱ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ «ስሞት ወዴት ትወስደኛለህ?» ብላ ነው። ባሏና ልጇ ከደብሩ ግቢ ነው ያረፉት፤ አሁን ግን ያለ ፍትሐት፣ ከእነሱ ተለይታ መቀበር ነው የሚያስፈራት። «ከማላውቃቸው ሰዎች መካከል አታስተኛኝ» አለችኝ። እኔም ብርድ ልብሷን አስተካከልኩላት።

አፍሬያለሁ። በእምነቴ አላፍርም፤ ዛሬም ከእናንተ ጋር እዘምራለሁ። ነገር ግን «የዳኑ ነፍሳት» ሲባል ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ አቀርቅሬ ወለሉን አያለሁ። ደጇን ከፍታ ያበላችን ሴት በገዛ አገሯ እንግዳ ስትሆን ማየት ያሳፍራል፤ ያንን ደጅ ያሳየሁት እኔ መሆኔ ደግሞ የባሰ ያሳፍራል።

የምጠይቅዎ ከባድ ነገር አይደለም። አንድ እሑድ መካነ ብርሃን ወጥተው፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው፣ «ይህች ሴት እምነቷን አልለወጠችም፤ ተሳስተን ነው የጻፍነው» ቢሉ ይበቃል። ምስክርነት ማስተባበል በባሕር ማዶ ያሉ ደጋፊዎቻችንን ያሳዝናል ማለትዎን አልረሳሁም። ሐዘናቸው እንደሚከብድ ይገባኛል፤ የአክስቴ አስከሬን ግን ከዚያ ይከብደኛል፤ የምሸከመው እኔ ነኝና።

ለመንጋው ሲሉ ዳገት ከመውጣት ለተቆጠቡት ለእርስዎ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ እፍረት ጋር፣

ሙሉቀን
የዳነችው ሴት የወንድም ልጅ

ማስታወሻ፦ እንግዶቹ በዚህ ክረምትም እንደሚመጡ ለአክስቴ ነግሬያታለሁ። አልተቆጣችም። ይልቁንስ በጸሎቷ ልታስባቸው ፈልጋ የክርስትና ስማቸውን ጠየቀችኝ። የክርስትና ስም የላቸውም ስላት ደንግጣ «ምነው፣ እዚያ አገር የሚያስተምራቸው ሰው የለም?» አለች። አባ ወልደኢየሱስን ለምና ልትልክላቸው አስባለች፤ ሁለት ሳምንት ይበቃቸው እንደሆነ እርስዎን እንድጠይቅላት አደራ ብላኛለች።