በራሱ ደጅ ቆሞ «ከለከሉኝ» ያለ ኮምፒውተር

ለተወደድህ ወንድሜ ለገብረ ሕይወት፤

እንደ ምን ሰነበትህ? የስቶክሆልም ብርድ ጕልበትህን አላስቸገረውም? ባለቤትህ ሰሎሜ ደኅና ናት? የልጅህ የብሩክታይት ትምህርትስ እንዴት ነው? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ ከቀትር በኋላ ፊደል ማየት ይታክተዋል። ብደውል ስልክ አላነሣ ስላልህ ወደ ብዕር ተመለስሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከሞጣ ደውዬ የተናገርሁትን አልረሳሁም። የአባታችን ቅኔ በምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ እንዳይገባ ሆን ብለህ በሩን ዘጋህ፤ ባሕር ማዶ ተቀምጠህ በአባትህ አፈርህ ብዬሃለሁ። ይህን ያናገረኝን ጉድ ስማ።

ፎቶ ያነሣኋቸው የቅኔ ገጾች አልገባ ስላሉኝ ኮምፒውተሩን ይዤ ከቢቸና ሞጣ ሄድሁ። በዚያ ስጦታው የሚባል፣ ከነባጁ የሚተኛ የሚመስል ባለሙያ አለ። በኮምፒውተሩና በኢንተርኔቱ መካከል ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ የሚያሳይ፣ ፕሮክሲ የሚሉትን ፕሮግራም ጫነ፤ ፎቶዎቹ ከተፈቀደው መጠን በላይ መሆናቸውን አይቶም አሳነሳቸው። እስከዚህ አመሰገንሁት። ወዲያው መብራት ሄደ፤ የኮምፒውተሩ ባትሪ የሞተ ነውና አብሮ ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ግን አንድም ገጽ አልከፍት አለ፤ «ግንኙነቱ ተከልክሏል» ብቻ ይላል።

ከዚያ ወዲያ የሰውየውን ዕውቀት ባየህ! የራሱ ስልክ በዚያው ዋይፋይ እየዘፈነ «የኔታ፣ ኔትወርኩ ነው» ይለኛል። ቀጥሎ «ውጭ ያሉት ሰዎች አግደውዎታል፤ ወንድምዎን ይጠይቁ» አለ። በአንተ ላይ ያስጮኸኝ ይኸው ነው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ሊጭን ተነሣ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሁለት ዓመት የገለበጥኋቸው ዘጠና አራት የአባታችን ቅኔዎች ያሉት በዚያ ኮምፒውተር ብቻ ነው! «አይገባዎትም፣ የሲስተም ነገር ነው» ሲለኝ ከእጁ ነጠቅሁት።

መነጽሬን አድርጌ የተጻፈውን አነበብሁ፤ እሱ ሦስት ቀን ሙሉ አላነበበውም። የከለከለው አድራሻ 127.0.0.1 ይላል። ይህ የማን ነው ብዬ ብጠይቀው «እሱማ ራሱ ኮምፒውተሩ ነዋ!» ብሎ ሣቀብኝ። መልሱን በአፉ ይዞ የሚሥቅ ሊቅ!

በቅኔ ቤት ሳለን መምህራችን በእኛና በእርሳቸው መካከል ቅኔያችንን አስቀድሞ የሚሰማ አስነጋሪ ሲያቆሙልን እሱን አልፎ ቅኔ መንገር ነውር ነበር፤ አስነጋሪው ቁራሽ ሊለምን ከሄደ ባዶ መደቡ ሥር ቁጭ እንል እንደ ነበር ታስታውሳለህ። ኮምፒውተሩም ሁሉን እዚያው በራሱ ውስጥ በተጫነው ፕሮክሲ በኩል እንዲልክ ታዝዟል፤ መብራት ሲሄድ ፕሮክሲው ተዘጋ፣ ሲመለስም የከፈተው የለም፤ ትእዛዙ ግን አልተሻረም። «ያን በፕሮክሲ ተጠቀም የሚለውን ትእዛዝ አጥፋው» አልሁት። አጠፋው፤ ገጹ ተከፈተ። ስጦታውም ያለ አንዳች እፍረት «አላልሁዎትም? ትንሽ ነገር ናት!» አለኝ።

እስከ ቢቸና ድረስ በመኪናው ውስጥ ስንቀው መጣሁ። ደጄ ስደርስ ግን የእንዲህ ያለውን ሰው ቃል አምኜ የስድሳ ዓመት ወንድሜን የከሰስሁ እኔ ከእሱ በምን እሻላለሁ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ዘጠና አራቱም ቅኔ ትናንት ገብቷል፤ በአቅራቢዎቹ ስም ላይ ያንተን ከእኔ አስቀድሜ ጽፌዋለሁ። ይቅር በለኝ።

ሰሎሜን እጅ ንሣልኝ፤ ብሩክታይትን ግንባሯን ሳምልኝ። ባለቤቴ ወለተ ኢየሱስና እኅታችን ባንቺዓለም በናፍቆት ሰላም ይሉሃል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ፤ ብታነሣው አንተ ተናገር፣ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ወንድምህ ፍቅረ ሥላሴ
ቢቸና፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.