ለፒተር ቀብር የተየብኩት ወረቀት

ሰኞ፣ ማርች 9፣ 2009

ማስታወሻዬ፣ ፊደልህን ዛሬም አሳደግኩት። አሁን ስክሪኑ ላይ የሚገባው ሦስት መስመር ብቻ ነው። ማጉያውን ልክፈት ብል አሮጌው ኮምፒውተር ቀጥ አለ። ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ለአሮጌ ማሽን ይቀላል ብለው ነው የጫኑልኝ። የስክሪኑን ጌጣጌጥ ሁሉ አጠፋሁለት፤ ትንሽ ተነፈሰ። ሐኪሙ ከዓይኔ የጠፋው ብርሃን አይመለስም ብሎኛል። ለባለቤቴ ለኪደን አልነገርኳትም። አማርኛ አታነብም፤ አንተ ላይ ብጽፈው አታውቅም።

ረቡዕ፣ ማርች 11፣ ከሰዓት

የጎረቤታችን የማማ ሮዛ ልጅ ፒተር አረፈ። ወባ። ነገ ይቀበራል። መንታው ፖል የቀብሩን ጸሎት ወረቀት በእጁ በእንግሊዝኛ ጽፎ አመጣልኝ። እዚህ ካቶር ሰፈር የሚያስተይብ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ጽሑፉ እንደ ጉንዳን ይተራመስብኛል። የተየብኩትን ማሽኑ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አሰብኩ። ኪደን ጓዳ ናት፤ ትሰማለች። ተውኩት። አተምኩ።

ሐሙስ፣ ማርች 12

ምን ልበልህ። ቄሱ ከወረቀቱ ላይ “የሞተው ወንድማችን ፖል” ብለው አነበቡ። ፖል ሬሳው አጠገብ ቆሟል። ማማ ሮዛ ጮኹ፤ “ሁለተኛውንም ልትወስዱብኝ ነው?” ሰው ወረቀቱን ያገላብጣል። ሁሉም ላይ ያው ነው። በቤተ ክርስቲያኑ የኋላ በር ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ማርች 13

ኪደን ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ጣቶቿን ዘርግታ “ስንት ነው?” አለችኝ። ልገምት ስል፣ “ኸላስ፣ ይብቃህ” አለች። ለካ ካወቀች ቆይታለች። ሻይ ስትሰጠኝ ኩባያውን እጄ ውስጥ እስክታስይዘኝ የማትለቀው ለዚያ ኖሯል። እኔው እስክነግራት ስትጠብቅ ነበር። “ለምን ደበቅከኝ?” አለች።

እሑድ፣ ማርች 15

ለቅሶ ቤት ሄድን። ኪደን ክንዴን ይዛ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ዓይኔም እንደከዳኝ ለማማ ሮዛ ነገርኳቸው። ከዚያ ፖል የተኛበት ራስጌ ቁጭ ብለው ትንፋሹን ሲያዳምጡ እንደሚያነጉ ነገሩኝ። በመጨረሻ “ማሌሽ፣ ግድ የለም” አሉ። ይቅር ብለውኝ ይሁን፣ ውጣልኝ ማለታቸው ይሁን አላወቅኩም። ፊታቸው አይታየኝም።

ሰኞ፣ ማርች 16

ትየባ የሚለውን ሰሌዳ ኪደን ከበሩ ላይ አወረደችው። የኮምፒውተሩን ማንበቢያ ከፈትኩት። እንግሊዝኛውን ጥርት አድርጎ ያነባል። አንተ ላይ ሲደርስ ዝም። አማርኛ አያውቅም። አዲስ አበባ በስደት ሳድግ የቆጠርኩትን ፊደል ለእሱ ማስተማር አልችል።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ከነገ ጀምሮ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ጮክ ብሎ ያነባል፤ ኪደንም ትሰማለች። ትስማ።