ቦኖ ያልኳት ልጅ

ጥር 12
ቦኖው ጋ ወረፋ ይዘን ዋልን። አራተኛ ቀን… ውሃ ጠብ አላለም። የእህቴ ልጅ ዘነቡ ሕፃኗን ታቅፋ ከኋላዬ ነበረች። ምጥ የጀመራት እዚሁ ወረፋ ላይ ስለሆነ ልጅቱን "ቦኖ" ነው የምላት።
"ማርታ ናት፣ አጎቴ። ሰው ይለምደዋል።"
ይልመደው። ጀሪካኔ ሥር የቀረችውን ጠብታ በጎረቤቴ በሸምሱ መላጣ ላይ አፍስሼ "ክርስትና አነሳሁህ" አልኩት።
"እኔ በአፈር ውዱእ እያደረግኩ አንተ ውሃ ትደፋለህ?"
ሁሉም ሳቀ። ዘነቡ አልሳቀችም።

ጥር 15
የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ቄስ አባ ሙሴ አስጠሩኝ። የመላጣው ወሬ ደርሷቸዋል።
"ሞት ከቀረበና ካህን ከሌለ ማንም ያጠምቃል፤ አንተም ጭምር። ውሃ ይፈሳል፣ በሥላሴ ስም ይጠራል። ቤተ ክርስቲያን የምታስበውን ካላሰብክ ግን ማጠብ ብቻ ነው።"
እሺ ብዬ ወጣሁ። ደክሞኛል… የማርታ ጥምቀት ወታደሩ አባቷ ለታ ከግንባር ፈቃድ እስኪያገኝ ይቆያል።

ጥር 19
ልጅቱን ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል። ጡት እምቢ አለች።

ጥር 20
ጠዋት ዓይኗ ጎደጎደ። ዘነቡ መኪና ፍለጋ ወጣች። አባ ሙሴ ቀበሌ ስብሰባ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተቆልፏል። ቤት ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። ሸምሱ ለልጆቹ ያስቀመጣትን አንድ ጣሳ ይዞ መጣ።
"ማርታ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ።"
ሦስቴ ግንባሯ ላይ አፈሰስኩ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ… ዘነቡ በሕይወት አልደረሰችባትም።

ጥር 21
ከቀብሩ በፊት ዘነቡ ያዘችኝ።
"ምን ብለህ ነው ያጠመቅካት? ቦኖ ብለህ ነው?"
"ማርታ ብዬ።"
"ማልልኝ።"
ማልኩ። አላመነችኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድ ኖሬ ማን ያምነኛል? አባ ሙሴም ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ሸምሱ ከበሩ ላይ ተናገረ።
"ማርታ ነው ያላት፣ አባ። ጣሳውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አልሳቀም።"
አባ የጥምቀት መዝገቡን አወጡ። ስሟን ጻፉ።

የካቲት 6
ውሃ መጣ። ሴቶቹ "ቦኖ መጣች፣ ቦኖ መጣች" እያሉ ሮጡ። ዘነቡ መንገዱ መሐል ቀጥ አለች። ከቀብሩ ወዲህ አናግራኝ አታውቅም።
ሸምሱ ሊያስቀኝ ብሎ መላጣውን ዝቅ አደረገልኝ። እጄ እርጥብ ነበር… ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት።
ዘነቡ አይታኝ ኖሯል። መጥታ አጠገቤ ቆመች።
"ቦኖ ስትላት ልጄ ትስቅ ነበር እኮ" አለችኝ።
ጀሪካኗን ሰጠችኝ። ሞላሁላት።